ጠዋት 98፣ ከሰዓት በኋላ 340፦ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ስኳር ለምን ያታልለናል?



ዛሬ የምናወራው ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ስለሚያልፍ ችግር ነው። የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ስቴሮይድ በሚባሉ መድኃኒቶች ምክንያት የደም ስኳራቸው ሊጨምር ይችላል። «እኛ ቤት ስኳር ያለበት ሰው የለም» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ስኳር በሽታ ኖሮበት የማያውቅ ሰውንም ይመለከታል።

በአንድ ምሳሌ እንጀምር። ታሪኩ የአንድ ሰው አይደለም፤ በብዙ ቤት የሚደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌ ነው የማቀርበው።

አንዲት እናት ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ደጋ ለሕክምና አዲስ አበባ መጡ እንበል። አንገታቸው ላይ የወጣው ንፍፊት ተመርምሮ ሊምፎማ የተባለ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያውን ዙር ኬሞ በደም ሥር ወሰዱ፤ ከዚያም «ይህን ለ5 ቀን በየቀኑ ጠዋት ይዋጡ» ተብለው ፕሬድኒሶሎን የሚባል እንክብል ተሰጣቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ሥራ ላይ ናት። እሳቸው «አገሬ ገብቼ ልረፍ» ብለው መድኃኒታቸውን ይዘው ተሳፈሩ።

በአራተኛው ቀን አፋቸው ይደርቅ ጀመር። ውኃ ቢጠጡ አይረኩም። በዚያ ውርጭ ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት ይነሳሉ። ጉልበታቸው ከዳቸው። ቤተሰቡ «ኬሞው ነው፣ ያደክማል ተብሏል» አለ። ጠያቂ ሚሪንዳና ማር ይዞ መጣ፤ ጎረቤት ማር የገባበት አጥሚት አመጣች። በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆድ ጤና ጣቢያ ሄደው ሲለኩ ስኳራቸው 98። «ስኳር የለም፣ ደህና ነዎት» ተብለው ተመለሱ።

ያው ምርመራ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ተደርጎ ቢሆን ግን መሣሪያው 340 ሊያሳይ ይችል ነበር። ጠዋት የለካው ባለሙያም፣ መሣሪያውም አልተሳሳቱም። የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። የዛሬው ትልቁ መልእክት ይኼ ነው።

ስቴሮይድ ምንድን ነው? ካንሰር ላይስ ለምን ይሰጣል?

ከኩላሊታችን በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን በየቀኑ ያመርታሉ። ያለ እሱ መኖር አንችልም። ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታሶን፣ ሃይድሮኮርቲሶን የምንላቸው መድኃኒቶች የዚህ ሆርሞን ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ዴክሳሜታሶንን ብዙዎቻችሁ በኮቪድ ጊዜ ስሙን ሰምታችሁታል።

በካንሰር ሕክምና ውስጥ ብዙ ሥራ አላቸው፦

• ኬሞ የሚያመጣውን ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከላከላሉ።
• ፓክሊታክሴልና ዶሴታክሴል የመሳሰሉ መድኃኒቶች አለርጂ እንዳያስነሱ ቀድመው ይሰጣሉ። የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ብዙ እናቶች ስቴሮይድ የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው።
• ዕጢ ወደ አንጎል ወይም ወደ አከርካሪ ሲደርስ የሚፈጠረውን እብጠት ይቀንሳሉ።
• በሊምፎማ፣ በማይሎማና በአንዳንድ የደም ካንሰር ዓይነቶች ላይ የካንሰሩን ሕዋሳት ራሳቸውን ይገድላሉ። እዚህ ላይ ስቴሮይድ የሕክምናው አካል ነው።

መጠኑን ደግሞ እንየው። ሰውነታችን በቀን የሚያመርተው ኮርቲሶል ወደ ፕሬድኒሶሎን ሲመነዘር 5 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። በተለመደው የሊምፎማ ሕክምና ግን በየ21 ቀኑ ለ5 ቀን፣ በቀን 100 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ይህ ሃያ እጥፍ ማለት ነው! ዴክሳሜታሶን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጉልበት አለው፤ 4 ሚሊ ግራሙ ከ25 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን በላይ ይመዝናል። ስለዚህ «ትንሽ እንክብል ናት» ተብሎ አይናቅም።

ስኳርን እንዴት ይጨምራል?

በሦስት መንገድ ነው።

1. ጉበት ያከማቸውንና አዲስ የሚሠራውን ስኳር ወደ ደም አብዝቶ እንዲለቅ ያደርጋል።
2. ጡንቻና ስብ ኢንሱሊንን እንዳይሰሙ ያደርጋል። ኢንሱሊን በሩን ያንኳኳል፣ በሩ ግን ቶሎ አይከፈትም፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል።
3. ቆሽት በቂ ኢንሱሊን እንዳያመነጭ ያዳክማል።

በዚህ ላይ ስቴሮይድ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ሰውየው ብዙ ይበላል፣ የበላው ግን በአግባቡ ሥራ ላይ አይውልም።

የጠዋቱ ምርመራ ለምን ያታልላል?

አንድ ሰው ፕሬድኒሶሎን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዋጠ እንበል። መድኃኒቱ ስኳርን መጨመር የሚጀምረው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ማለትም ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ። ከምሳ በኋላ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ጣሪያ ይነካል፣ ሌሊት መድኃኒቱ ሲዳከም ይወርዳል። ሲነጋ፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይበላ ያደረ ሰው፣ ቁጥሩ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እኛ ደግሞ ለዓመታት የለመድነው ምርመራ «በባዶ ሆድ፣ በጠዋት» ነው። ለተለመደው የስኳር በሽታ ጥሩ ምርመራ ነው። ጠዋት ብቻ ፕሬድኒሶሎን ለሚወስድ ሰው ግን ችግሩ ተኝቶ ባለበት ሰዓት በሩን እንደማንኳኳት ነው።

ዴክሳሜታሶን ትንሽ ይለያል። አንዴ ከተወሰደ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ሊሠራ ስለሚችል የጠዋቱንም ስኳር ሊጨምር ይችላል። በእሱም ቢሆን ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚታየው ከምግብ በኋላ ነው።

«የሦስት ወሩን ምርመራስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ቀድሞ የተደበቀ ስኳር ካለ ያወጣዋል። ባለፈው ሳምንት የጀመረን ጭማሪ ግን ላያሳይ ይችላል። የደም ማነስ ያለበት ወይም ደም የተሰጠው ሰው ላይ ደግሞ ውጤቱ ይዛባል።

ማን ላይ ይበረታል?

ቀድሞ ስኳር ወይም ለስኳር የተቃረበ ሁኔታ ያለበት፣ በቤተሰቡ ስኳር ያለ፣ ክብደቱ ከፍ ያለ፣ ዕድሜው የገፋ፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት እናት፣ ከፍተኛ መጠን ወይም ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው የበለጠ ይጋለጣል።

ግን «ስኳር የከተማ በሽታ ነው፤ እናቴ ገብስና ባቄላ በልታ፣ ዳገት ወጥታ ነው ያደገችው» ብሎ መተው አይሠራም። ይህን ጭማሪ ያመጣው አኗኗራቸው አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው። ቀጭንም ሊያገኘው ይችላል።

ታዲያ ምን ይጎዳል? ጥቂት ቀን አይደል?

እውነት ነው፣ ለጥቂት ቀን ትንሽ ከፍ ብሎ የሚወርድ ስኳር ብዙ ጊዜ ክትትል ብቻ ይበቃዋል። የሚያሳስበው በጣም ከፍ ሲል ወይም ሲቆይ ነው፦

• ኬሞ ከተሰጠ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። የቀሩትን ደግሞ ከፍተኛ ስኳር ያዳክማቸዋል። ያኔ ትንሽ ቁስል ወይም ቀላል ጉንፋን የመሰለ ነገር ወደ ከባድ ኢንፌክሽን ሊያድግ ይችላል። ስቴሮይድ ትኩሳትን ስለሚደብቅ «አላተኮሳትም» ማለት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።
• ስኳሩ ውኃን እየጎተተ በሽንት ይወጣል። ሰውነት ይደርቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በጣም ሲብስ ሰውየው ይፈዛል፣ ይቀባዥራል፣ ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ድንገተኛ ሕመም ነው።
• ቀጣዩ የኬሞ ዙር ሊዘገይ ይችላል። ለካንሰር ሕመምተኛ ቀን ማለት ብዙ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ምልክቶቹ ከኬሞው ጋር መመሳሰላቸው ነው። ድካም፣ የአፍ መድረቅ፣ ብዥታ፣ ክብደት መቀነስ ሲመጣ ሁሉንም «ኬሞው ነው» ብለን እንሸፍነዋለን። ጥማትና ቶሎ ቶሎ መሽናት ከተጨመሩበት፣ ወይም ምላስ ላይ ነጭ ነገር ወይም የብልት ማሳከክ ከመጣ፣ በቃ፣ ስኳር ይለካ።

መቼ እንለካ? ቁጥሩስ ምን ይላል?

• ስቴሮይድ ያለበት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ።
• ከተጀመረ በኋላ ስቴሮይድ በሚወሰድባቸው ቀናት ቢያንስ በቀን አንዴ፣ ከምሳ 2 ሰዓት በኋላ ወይም ከእራት በፊት። አንድ ስትሪፕ ብቻ ካላችሁ ለጠዋት አታባክኑት፤ ለከሰዓት በኋላ አስቀምጡት።
• ቀድሞ ስኳር ያለበት ሰው በቀን 4 ጊዜ፦ ከሦስቱ ምግቦች በፊትና ሊተኛ ሲል።

ቁጥሮቹ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው፦

• ከ180 በታች፦ ለአብዛኛው ሰው በዚህ ወቅት ጥሩ ነው፤ መለካቱን ቀጥሉ።
• ከ180 በላይ ከተደጋገመ፦ ለሚያክመው ሐኪም ደውላችሁ አሳውቁ።
• ሁለት ጊዜ ከ200 በላይ ከሆነ፦ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሕክምና ያስፈልገው እንደሆነ ይወሰን።
• ከ300 በላይ ከሆነ፣ ወይም መሣሪያው በቁጥር ፈንታ «ሃይ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካሳየ፦ በዚያው ቀን ሆስፒታል። «ሃይ» ማለት ሰላምታ አይደለም፤ ስኳሩ መሣሪያው ሊያነብ ከሚችለው በላይ ወጥቷል ማለት ነው።

ከመለካታችሁ በፊት እጅን በውኃ ታጥባችሁ አድርቁ። ማር ወይም ሙዝ የነካ ጣት የውሸት ቁጥር ይሰጣል።

ሕክምናው ምንድን ነው?

እንደ መጠኑ ይለያያል። ጭማሪው ትንሽና የጥቂት ቀን ከሆነ ጣፋጭ መጠጥ ማቆምና መለካት ሊበቃ ይችላል። ለአንዳንዱ ሜትፎርሚን የመሳሰለ እንክብል ይታዘዛል። ማስመለስና ተቅማጥ ላለበት፣ ኩላሊቱ ለተጎዳ፣ ወይም በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ ሲቲ ስካን ለሚነሳ ሰው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከጎረቤት ተውሶ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኢንሱሊን ነው። ጠዋት ከሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ጋር፣ ጠዋት የሚወጋ መካከለኛ ርዝመት ያለው ኢንሱሊን (ኤን ፒ ኤች የሚባለው) በደንብ ይገጥማል፤ ሁለቱም የሚበረቱበት ሰዓት ይቀራረባልና። «ኢንሱሊን ከተጀመረ አይቆምም» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም። ስቴሮይዱ ሲያልቅ ኢንሱሊኑም ብዙ ጊዜ ያበቃል።

እንዲያውም አደጋው ሌላ ነው፦ ስቴሮይዱ ሲቀንስ ወይም ሲያልቅ የስኳር መድኃኒቱ ካልተቀነሰ ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ርሃብ፣ መደናገር ከመጣ ወይም ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታድርጉ፤ ወደ ሕክምና ሩጡ። «የመጨረሻው እንክብል ሲያልቅ ኢንሱሊኑን ምን ላድርገው?» የሚለውን ጥያቄ ከሆስፒታል ሳትወጡ ጠይቁ።

«እንግዲያው ስቴሮይዱን ላቁመው?»

አይሆንም! በራሳችሁ አታቁሙት። ወይ የካንሰሩ መድኃኒት ነው፣ ወይ ማስመለስንና አለርጂን የሚከላከል ነው፣ ወይ የአንጎል እብጠትን የያዘ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ ከተወሰደ ደግሞ የሰውነት የራሱ ኮርቲሶል ምርት ይተኛል። በድንገት ሲቋረጥ የደም ግፊት ይወድቃል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ስኳሩን እናክማለን፤ ስቴሮይዱን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።

ምግብ፣ ጥየቃና ጾም

የእኛ ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በማብላት ነው። ሕመምተኛ ሲጠየቅ ሚሪንዳ፣ የታሸገ ጁስ፣ ማር፣ ሙዝ በፌስታል ይመጣል። ጠያቂን አትመልሱ፤ ግን ቀድማችሁ ንገሩ። በምትኩ እንቁላል፣ ወተት፣ ለውዝ፣ አቮካዶ ይዘው ቢመጡ ይጠቅማል።

• ለስላሳ፣ ጁስ፣ ብርዝ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይቁም። ጥማቱን ውኃ ያርካው። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው በጠማው ቁጥር ለስላሳ ከጠጣ እሳት ላይ ቤንዚን ነው።
• አጥሚቱም በሶውም ያለ ማርና ያለ ስኳር ይዘጋጅ፣ መጠኑም ልከኛ ይሁን። ገብስ ጥሩ እህል ነው፤ ግን እሱም ወደ ስኳር ይቀየራል።
• ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ጎመን ከእንጀራው ጎን በዛ ይበሉ። ትንሽ ትንሽ፣ ከፋፍሎ መብላት ይሻላል።
• ጠላና አረቄ በዚህ ጊዜ ይቅሩ።

በሌላ በኩል «ስኳር ካንሰርን ይመግባል» ብሎ ሕመምተኛን ማስራብ ትልቅ ስህተት ነው። ኬሞን ለመቋቋም ምግብ የግድ ያስፈልጋል። የምንቆርጠው ጣፋጩን እንጂ ምግቡን አይደለም።

ጾምን በተመለከተ፦ ኢንሱሊን ወይም የስኳር እንክብል ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት አደገኛ ነው። ብዙ እናቶች ለሐኪሙ «እሺ» ይሉና ይጾማሉ። አትቆጧቸው። ሐኪሙ ያለውን ይዛችሁ ከንስሐ አባታቸው ጋር አነጋግሯቸው፤ ከእሳቸው አፍ ሲሰሙት ይቀላቸዋል።

ወደ አገር ቤት ከመመለሳቸው በፊት

ብዙዎቻችሁ ከተማ ሆናችሁ ገጠር ያለ ቤተሰብ በስልክ የምታስታምሙ ናችሁ። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገራችን የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁንም ብዙ የካንሰር ሕመምተኛ ከሩቅ አዲስ አበባ ይመጣል፣ በዙሮቹ መካከልም ወደ ቀየው ይመለሳል። ችግሩ የሚፈጠረው ደግሞ ሐኪሙ በማያያቸው በእነዚያ ቀናት ነው። ስለዚህ፦

1. የስቴሮይዱን ስም፣ መጠን፣ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን በወረቀት አስጽፉ። ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ያንን ካየ ጉዳዩ ይገባዋል። «ስኳር ከሰዓት በኋላ ይለካ» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት።
2. አቅም ካለ የስኳር መለኪያ ገዝታችሁ ስጡ። ቤት ያለ ፊደል የቆጠረ ልጅ ይማር፤ ቁጥሩን በየቀኑ በስልክ ይንገራችሁ፣ እናንተ መዝግቡ።
3. መሣሪያ ከሌለ ጤና ጣቢያ የሚኬድበትን ሰዓት ከምሳ በኋላ አድርጉት።
4. ኢንሱሊን ከታዘዘ ስለ አያያዙ ተነጋገሩ። ሙቀት ያበላሸዋል፤ እንደ መንዝ ባለ ደጋ ደግሞ ውርጩ ያሰጋል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። ውጭ አታሳድሩት፤ ከምድጃ የራቀ፣ ግን ቤት ውስጥ ያለ ቦታ ይቀመጥ።
5. በብርድ የደነዘዘ ጣት ደም አይሰጥም፤ መሣሪያውም በጣም ሲቀዘቅዝ ላይሠራ ይችላል። እጅን በሞቀ ውኃ ታጥቦ፣ መሣሪያውን ቤት ውስጥ አቆይቶ መለካት ይሻላል።
6. ድንገት ቢብስ ወዴት እንደሚኬድ (መሐል ሜዳ ነው? ደብረ ብርሃን ነው?) እና በምን መኪና እንደሚኬድ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሌሊት ላይ አይታሰብም።

ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

• መቀባዠር፣ መፍዘዝ፣ ለማንቃት የሚያስቸግር እንቅልፍ
• የሰውነት ሙቀት 38 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ
• ውኃ እንኳን የማያስቀር ማስመለስ
• ብዙ መሽናት ከደረቀ ምላስና ከከባድ ድካም ጋር
• ፈጣን ወይም ከባድ አተነፋፈስ

ሲያልቅስ ይጠፋል?

ብዙ ጊዜ ስቴሮይዱ ባለቀ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ስኳሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ግን ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ዙር ስቴሮይዱ ሲደገም ስኳሩም ሊደገም ይችላል፤ ስለዚህ በየዙሩ ለኩ። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ላይ ስኳሩ ይቀራል፣ ወይም ወደፊት ይመጣል። ሕክምናው ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ መመርመር ጥሩ ነው።

ወደ ምሳሌያችን እናት እንመለስ። ልጃቸው ይህን አውቃ ቢሆን ኖሮ በአራተኛው ቀን ስትደውል «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ብቻ አትልም ነበር። «ውኃ ይጠማሻል? ሌሊት ስንቴ ተነሳሽ? ዛሬ 10 ሰዓት ላይ ይለኩሽ» ትል ነበር። እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ኬሞ ላይ ላለ ሰው ስትደውሉ እነዚህን ሦስቱን ጨምሩበት።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሚያክማችሁን ሐኪም አይተካም። ለሚያስፈልገው ወዳጅ ዘመድ አጋሩት፤ በተለይ ገጠር ሕመምተኛ ላለው።